ሰው ቤት ከፍሎ መብላት፦ የቤት ማዕድ ምንድን ነው? ወሎ ላይስ እንዴት ይሆናል?

«ቅዳሜ ማታ አልመጣም፤ ከጓደኞቼ ጋር ሰው ቤት እራት አለን፤ ብሩንም ከፍለናል» ስላት አክስቴ ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። «ሰው ቤት? ብር ከፍላችሁ?» አለችኝ። «ኧረ በአላህ! ደሴ ላይ እንግዳ ሒሳብ መክፈል የጀመረው መቼ ነው ልጄ?»

ይህን የምትጠይቀው አክስቴ ብቻ አይደለችም። አንድ ሰው በራሱ ቤት አብስሎ፣ የተወሰኑ ሰዎችን ጠርቶ፣ በነፍስ ወከፍ እያስከፈለ የሚያበላው እራት ሲነሳ ግማሹ ሰው «ያው ሬስቶራንት ነው» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ግብዣን መሸጥ ነው» ብሎ ቅር ይለዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ነገሩ የራሱ አሠራር አለው፤ ወሎ ላይ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ቦታ እምብዛም የማይነሳ ጥያቄ ይጨመርበታል። እሱን እንየው።

ለመሆኑ ምን ማለት ነው?

በውጭ አገር ሰፐር ክለብ ይሉታል። እዚህ ጽሑፍ ላይ «የቤት ማዕድ» እንበለው። አንዲት አብሳይ (ወንድም ሊሆን ይችላል) ቀን ትቆርጣለች፤ ለምሳሌ «በመጪው ቅዳሜ፣ ለ10 ሰው» ትላለች። የምታቀርበውን ምግብ አስቀድማ ትናገራለች። የሚመጡት ሰዎች ስማቸውን ያስመዘግባሉ፣ ድርሻቸውን ይከፍላሉ፣ በቀኑ ቤቷ ሄደው አንድ ላይ ይበላሉ።

ሬስቶራንት ስትገባ የምትበላውን ትመርጣለህ፤ አጠገብህ ያለው ጠረጴዛ አይመለከትህም፤ ስትጨርስ ወጥተህ ትሄዳለህ። የቤት ማዕድ ላይ ምርጫ የለም፤ የቀረበውን ሁሉም ይበላል። ሁሉም በአንድ ሰዓት ይቀመጣል፣ ቡናው እስኪያልቅም አብሮ ይቆያል። ግብዣ ላይ ደግሞ ወጪውን የሚችለው ጋባዡ ነው፤ ተጋባዡ የሚከፍለው ነገር የለም፤ ውለታ ግን ይይዛል። የቤት ማዕድ ከሁለቱ መሃል ነው። ወንበሩና ወጉ የቤት ነው፤ ወጪው ግን የሁሉም።

በደንብ የሚገልጸው ምሳሌ ጽዋ ማኅበር ነው። ማኅበርተኞች በየወሩ በየተራ ይደግሳሉ። ዛሬ እኔ ቤት ተበላ፤ በሚቀጥለው ወር አንቺ ቤት፤ ከዚያ እሱ ቤት። እዚያም ቢሆን በነፃ የሚበላ የለም። ክፍያው ተራው ነው። እኔ ዛሬ ያወጣሁትን የአንድ ዓመት ዙር ይመልስልኛል። የቤት ማዕድ ያንን ተራ በገንዘብ ይተካዋል፤ ሌላው ያው ነው።

ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ የምትከፍተው በር ግን ሰፊ ነው። ማኅበር የሚገባው ተራው ሲደርስ መደገስ የሚችል ሰው ነው። አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ነርስ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ከሌላ አገር የመጣ ወጣት መምህር፣ ሚስቱ የሞተችበት ጎልማሳ፣ እነዚህ ሁሉ «የት ላይ ልደግስ?» ብለው ከማኅበር ይቀራሉ። የቤት ማዕድ ላይ ግን ድርሻቸውን ከፍለው ይቀመጣሉ። ነገሩን እንድወደው ያደረገኝ ይህ ነው፤ አልደብቅም።

ከየት የመጣ ነገር ነው?

ቃሉ የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ እዚያ ግን መጀመሪያ ሰፐር ክለብ የሚባሉት ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩ የእራት ቤቶች ነበሩ እንጂ የሰው መኖሪያ አልነበሩም። መኖሪያ ቤት ውስጥ የሚደረገው ዓይነት በየአገሩ በየራሱ ምክንያት በቅሏል። ኩባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢኮኖሚው ሲደቅ ሰዎች በሳሎናቸው ምግብ መሸጥ ጀመሩ፤ መንግሥት ሲፈቅድላቸው ከ12 ወንበር እንዳይበልጡ ገደበ። ቦነስ አይረስ ውስጥ «የተዘጋ በር» የሚሏቸው የቤት እራቶች አሉ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለቤት ማድ ቤቶች ለብቻው ሕግ አወጣች፤ ሕጉ ሲጀመር ጣሪያው በቀን 30፣ በሳምንት 60 ምግብ ነበር፤ ምግቡም በተበሰለበት ቀን መቅረብ አለበት።

ሁሉም ላይ የሚደጋገም ነገር አለ፦ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ፈቃድ ስናነሳ ይመለሳል።

ወሎ ግን ሰውን አንድ ላይ አስቀምጦ ማብላትን ከማንም አልተማረችም። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ደሃውንም ባለጸጋውንም፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አይጠየፍም ለማለት። ልብ በሉ፤ ለአዳራሹ የወጣለት ስም ስለ ግርማው ወይም ስለ ስፋቱ አይናገርም። የሚናገረው ማን ገብቶ መብላት እንደሚችል ነው።

ገንዘቡስ? ነውር አይደለም ወይ?

የአክስቴ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ነውር የሚሆነው ገንዘቡ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ሲነሳ ነው። መሶብ ከፍቶ ሒሳብ የሚያወራ ሰው ያሳፍራል፤ ይህን ማንም ወሎዬ ያውቀዋል። ስለዚህ በደንብ የሚሠራ የቤት ማዕድ ላይ ክፍያው ቢያንስ ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት ያልቃል፤ አሁን በቴሌብር ስለሚላክ ከእጅ ወደ እጅ ብር መቀባበልም የለም። የእራቱ ቀን ሰው በሩ ላይ ሲደርስ እንግዳ ነው፤ «ግቡ፣ ግቡ» ይባላል፣ ይስተናገዳል።

ቅድሚያ መክፈሉ ሌላም ምክንያት አለው። ለስሌት እንዲመች ያህል፣ ለ10 ሰው የሚሆነው ዶሮ፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ እንጀራ፣ ቡናና ከሰል 6,000 ብር ፈጀ እንበል። አብሳይዋ ለጉልበቷ 2,000 ጨመረች። ለአንድ ሰው 800 ብር ይመጣል። ሳይከፍሉ «እንመጣለን» ካሉት ሦስቱ ቢቀሩ ሰባቱ የሚከፍሉት 5,600 ነው፤ የአስቤዛውን እንኳን አይሸፍንም። ሴትዮዋ ሁለት ቀን ደክማ፣ ከኪሷ 400 ብር ጨምራ አበላች ማለት ነው።

ያ 2,000 ብር ብዙ ሰው የሚዘነጋው ክፍል ነው። ዶሮ ወጥ የሚበላ ሁሉ ያውቃል፤ ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት እንደሚቁላላ ግን የሚያውቀው ያቁላላው ነው። 12 ብልት ማውጣቱ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠቡ፣ ጭሱ፣ ወገቡ። ግብዣ ላይ ይህ ሁሉ በ«እጅሽ ይባረክ» ይታለፋል። የቤት ማዕድ ላይ የጓዳው ሥራ ቁጥር ይሰጠዋል። የሰው ጉልበት ሲቆጠር ማየት ደስ ይለኛል።

ቀድሞ መነጋገር ያለበት አንድ የአገራችን ጉዳይ አለ። በዚያ ሰሞን ጎረቤት ሰው ቢሞት እራቱ ይሰረዛል። ለቅሶ ቤት አጠገብ መሶብ አይከፈትም፤ አብሳይዋም የቅሬ (የእድር) አባል ናት፣ እንጀራ ይዛ መሄድ አለባት። የተከፈለው ብር ይመለስ ወይስ ለሌላ ቀን ይተላለፍ የሚለውን ቀድሞ መስማማት ነው።

ሙስሊምና ክርስቲያን ጓደኛሞች አንድ ላይ እንዴት ይበላሉ?

ሌላ አገር ያለ ጸሐፊ ይህን ጥያቄ ላያነሳው ይችላል። ወሎ ላይ ግን ያለሱ እራት የለም፤ ምክንያቱም አስር ጓደኛሞች ሲጠራሩ አስሩም ከአንድ ወገን የሚሆኑበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ችግሩ ሥጋው ላይ ነው። ክርስቲያኑ «በስመ አብ» ተብሎ የታረደውን፣ ሙስሊሙ «ቢስሚላህ» ተብሎ የታረደውን ይበላል፤ አንዱ የሌላውን አይበላም። ይህ የመጠላላት ምልክት የሚመስለው የውጭ ሰው አለ። ወሎ ውስጥ ግን ሰርግ ያየ ሰው ሌላ ነገር ነው የሚያየው። ክርስቲያኑ ደጋሽ በግ ገዝቶ ለሙስሊም ጎረቤቱ ይሰጣል፤ ጎረቤቱ ያርደዋል፣ ሚስቱ በራሷ ድስት ትሠራዋለች፣ ለሙስሊሙ እንግዳ ይቀርባል። ሙስሊሙም ሲድር እንዲሁ ያደርጋል። ድስቱ የሚለየው ማንም ከሰርጉ እንዳይቀር ነው።

የቤት ማዕድ ይህንኑ በትንሹ ያደርገዋል። እኛ የሄድንበት ቤት ሴትዮዋ ክርስቲያን ናቸው። ዶሮዎቹን በሕይወታቸው ገዙ፤ አንዷን ልጃቸው አረዳት፣ አንዷን ለሙስሊም ግድግዳ ተጋሪያቸው ላኩላቸው። የጎረቤቲቱ ልጅ የታረደችውን ዶሮ በራሳቸው ድስት ይዛ መጣች። ምድጃ ላይ ሁለት ድስት ጎን ለጎን ተጣደ። እኔ የገረመኝ ጭልፋዎቹ ናቸው፦ ሁለቱም አንድ ዓይነት የእንጨት ጭልፋ ስለሆኑ የአንደኛው እጀታ ላይ አረንጓዴ ክር ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ታስሯል። ሴትዮዋ ወሬ እያወሩ፣ ዞር ብለው ሰው እያስቀመጡ፣ እጃቸው ክሩን ሳይነካ ከዚያኛው ድስት አይጨልፍም። «ዓይኔ ቢሳሳት እጄ አይሳሳትም» አሉኝ።

አዘጋጅ የሆነ ሰው ማወቅ ያለበት፣ ሁሉም ሰው እኩል አለመጠንቀቁን ነው። አንዱ እንግዳ ድስቱ ከተለየ ይበቃዋል። ሌላው ቢላዋውና መክተፊያውም እንዲለይ ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ ሥጋው በሙስሊም እጅ ካልተሠራ ደስ አይለውም፤ ክርስቲያኑም ጋ እንዲሁ ነው። በግምት መሄድ ሰው ያስከፋል። ስም ሲመዘገብ በደግ አንደበት መጠየቅ፣ የተባለውን መጻፍ፣ የተጻፈውን ማድረግ ነው። እንግዳውም ቢሆን ማዕድ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ጎመን ብቻ ከሚቆነጥር ቀድሞ መናገር አለበት። አንድ ጊዜ ከተማ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ስምንት ሆነን ገብተን፣ ሁለት ሙስሊም ጓደኞቻችን ሙሉ ምሽት ለስላሳ ሲጠጡ አየሁ። የጠየቃቸው የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ከጣጣው ማምለጥ የፈለገ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ሥጋውን መተው ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ ለሁሉም ይሆናሉ፤ ማንም አጠገቡ ያለውን ሰው ማጉረስ ይችላል። ጉርሻ ወሎ ላይ ትልቅ ነገር ነውና ይህ ቀላል አይደለም። ስልጆ ግን ለቀናት መብላላት ስላለበት ዓርብ ታስቦ ለቅዳሜ አይደርስም። ሁለተኛው መንገድ ዓሣ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ አለ፤ ዓሣው ትኩስ ይገኛል። እስልምና ዓሣ እንዲታረድ አይጠይቅም፤ ስለዚህ የማን እጅ ነው የሚለው ጥያቄ አይነሳም። ጾም ሲሆን ግን ብዙው ክርስቲያን ዓሣም ስለማይበላ ቀኑን ማየት ያስፈልጋል።

መጠጡም ያው ጥንቃቄ አለው። ጠላ ለሚጠጣው ጠላ፣ ለማይጠጣው ቀሪቦ ወይም ብርዝ። ብርዝ ማር በውሃ ስለሆነ የዕለቱን መስጠት ነው፤ ካደረ መብላላት ይጀምርና ወደ ጠጅ ይሄዳል። «ለሙስሊም እንግዳዬ ነው ያስቀመጥኩት» ብሎ ያደረ ብርዝ ማቅረብ ሳያውቁ ማሳሳት ነው።

የትኛው ቀን ይሻላል?

ረቡዕና ዓርብ የጾም ናቸው፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ካልሆነ በስተቀር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ቅዳሜና እሑድም ቢሆን ሥጋና ቅቤ የለም። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ ሁለቱ ጾሞች አንዳንዴ ይገናኛሉ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ በዚያው ሳምንት የካቲት 22 ተጀመረ።

ይህ ለአዘጋጅ የሚያስጨንቅ ወቅት ይመስላል፤ እንደውም የሚቀለው ያኔ ነው። እራቱ ኢፍጣር ይሆናል፦ ተምር፣ ቅቤ የሌለው የአጃ ሾርባ፣ ምስር ሳምቡሳ። የሁለቱም ጾመኛ ምግብ አንድ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ሁለት ድስት እንኳን አያስፈልግም።

በሌላው ጊዜ ቅዳሜ ማታ ይመረጣል። ሰዓቱ ሲቆረጥ የመግሪብ ሶላት ይታሰብ። አዛኑ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ እራቱን 1 ሰዓት ላይ ማድረግ ለሁሉም ይመቻል። ቀድሞ ለሚመጣ ሰው ንጹሕ መስገጃ የተነጠፈባት ጥግ ብትኖር እንግዳው ቤቱ ያለ ያህል ይሰማዋል።

ሰው ቤት በልቼ ሆዴን ቢያመኝስ?

ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰው የሚታመመው ምግቡ ሳይበስል ቀርቶ ብቻ አይደለም፤ በስሎ ለረጅም ሰዓት ስለተቀመጠም ነው። የምግብ ደኅንነት ሕጉ ቀላል ነው፤ የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ጀርሞች የሚባዙት እዚያ ላይ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወጥቶ ማታ 1 ሰዓት የሚቀርብ ወጥ ወይ ለስለስ ያለ እሳት ላይ መዋል አለበት፣ ወይ ደግሞ ቶሎ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቆየ በኋላ እንደገና እስኪንተከተክ መሞቅ አለበት። «ደሴ ብርድ ነው፤ ምንም አይሆንም» የሚለው አያዋጣም፤ የደሴ ብርድ ማቀዝቀዣ አይደለም። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት ላይ ሰላጣ አለመክተፍም አለ፤ እዚህ ላይ መክተፊያ የመለየት ልማዳችን ለጤናም ይጠቅማል።

ደሴ ላይ ለአዲስ አብሳይ የሚከብድ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ብትሆንም ከደሴ በብዙ ዝቅ ትላለች፤ እዚያ ውሃው ሲፈላ ሁለት ዲግሪ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ የለመደች አብሳይ ደሴ መጥታ በዚያው ሰዓት ልክ ሽምብራ ብትጥድ እንግዳው በር ላይ ደርሶ ሽምብራው ጠንካራ ነው። ማሳደር፣ ቀድሞ መጣድ፣ ወይም ፕሬሸር ድስት መጠቀም ነው።

ፈቃድ ያስፈልገዋል?

ጓደኛሞች ወጪ ተካፍለው አንዳቸው ቤት ቢበሉ ንግድ አይደለም። ማንም የማያውቀውን ሰው በማስታወቂያ እየጠሩ፣ በየሳምንቱ፣ ለትርፍ ማብላት ግን ንግድ ነው። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 የጸና ፈቃድ ሳይኖር የንግድ ሥራ መሥራትን ይከለክላል። በሁለቱ መሃል ያለው ድንበር ላይ የቆመ ሰው፣ ማለትም መጀመሪያ ለጓደኞቿ ብቻ ስታበላ ኖራ እየታወቀች የመጣች አብሳይ፣ ሰው ሳይበዛባት ወደ ከተማዋ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳ መጠየቅ ይሻላታል። ኩባም ካሊፎርኒያም የቤት ምግብን የፈቀዱት ከቁጥር ገደብ ጋር እንደነበር አስታውሱ።

እንግዳ ሆኜ ስሄድ ምን ይጠበቅብኛል?

ከፍያለሁ ብሎ እጅን አወዛውዞ መግባት ወሎ ላይ አያምርም። ስኳር ወይም ቡና ይዞ መሄድ በቂ ነው። ኬክ የሚወስድ ሰው ቀኑ ጾም አለመሆኑን ይይ። የራስን ሥጋ ይዞ መሄድ ግን አይደረግም፤ ድስቱን ሁሉ ያዘባርቃል።

የእጅ ውሃ ሲመጣ ታላቅ ይቅደም። ምርቃቱ ላይ ሁሉም መዳፉን ይዘረጋል፤ አንዱ «አሜን» ሌላው «አሚን» ይላል። ፎቶ ማንሳት የፈለገ ያስፈቅድ፤ የሰው ጓዳ ነው። ከእራት በኋላ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ድረስ ይሄዳል፤ በአቦል የሚነሳ ሰው ካለ ገና ሲገባ ይናገር።

እኛ በረካውን ጠጥተን ስንነሳ ሴትዮዋ ለአክስቴ የሚሆን ስልጆ በትንሽ ማሰሮ ሰጡኝ። አክስቴ በማግስቱ በጣቷ ቀመሰችው። «ሰናፍጩ በዝቷል» አለች። ከዚያ ማሰሮዋን አጥባ፣ ባዶዋን አይመለስም ብላ ሽሮ ሞላችባትና «ስንት ነው ለሰው የሚያስከፍሉት?» ብላ ጠየቀችኝ።